ለደን ቆጠራ ወደ ካፋ ልወርድ ነው፤ ከእንስሳት ስለሚመጡ በሽታዎች ምን ልወቅ?

ጠያቂ፦ የወንዶ ገነት ምሩቅ

ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ ከወንዶ ገነት በደን ሳይንስ ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራዬን አግኝቻለሁ። በአንድ የደን ሀብት ቆጠራ ቡድን ውስጥ ገብቼ ከቦንጋ ተነሥተን በካፋ ደኖች ውስጥ እንሠራለን፤ ቆይቶም ወደ ጎጀብ ቆላ እንወርዳለን። የምናድረው ድንኳን ነው። ቀኑን ሙሉ የዛፍ ውፍረት ስንለካ፣ ቅጠል ስንለቅም፣ በቁጥቋጦ ውስጥ ስንሳብ እንውላለን። ከእኛ ከባለሙያዎቹ ሌላ መንገድ የሚጠርጉና የሚመሩን የአካባቢው ሰዎች በቀን ሥራ ይቀጠራሉ።

ስለ እባብ፣ ስለ መጋዝ፣ ስለ ዛፍ አወዳደቅ በደንብ ተምሬአለሁ። ስለ በሽታ ግን የተነገረን «አጎበር ያዙ» የሚል ብቻ ነው። ኅዳር ላይ ጂንካ ውስጥ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ከተሰማ ወዲህ አባቴ በየቀኑ እየደወለ «ጦጣ አትጠጊ፣ የሌሊት ወፍ ባለበት አትደሪ» ይለኛል። እኔም ጉሬዛ በራሴ ላይ ሲዘል መፍራት እንዳለብኝና እንደሌለብኝ አላውቅም። የቢጫ ወባ ክትባት ያስፈልገኛል? መዥገር ሲጣበቅብኝስ ምን ላድርግ? አስተባባሪያችን ክትባቱ «ለባለሙያዎቹ ይታሰባል» ብሎናል፤ ስለ ቀን ሠራተኞቹ ስጠይቀው ግን «እነሱ የአገሩ ልጆች ናቸው፣ ለምደውታል» አለኝ። ይህ መልስ ልክ መስሎ አልታየኝም፤ መከራከሪያ ግን የለኝም። በዚያ አካባቢ የሠራችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ታላቅ ነው።

መልስ፦ የጅማው ጡረተኛ

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በወባ መቆጣጠር ሥራ ነው፤ ትንኝ እየሰበሰብኩ፣ በማጉያ መነጽር ሥር እየለየሁ። ካፋን፣ ሸካንና ቤንችን በእግሬ አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ብጽፍልሽ ብጽፍልሽ አልጠግብም፤ ታገሺኝ።

አባትሽ የፈሩት አውሬውን ነው። ጉሬዛው ግን ወርዶ አይነክስሽም፤ ከሰው ይሸሻል። መፈራት ያለባት ከጉሬዛው ደም ጠጥታ ወደ አንቺ የምትመጣዋ ትንኝ ናት። ቢጫ ወባ በደን ውስጥ ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘር ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ዝንጀሮ እየተመላለሰ ይኖራል። ሰው የሚገባው መሐላቸው ሲሠራ ነው። ዛፍ ቆራጭ፣ ማር ቆራጭ፣ የጫካ ቡና ለቃሚ፣ እንዳንቺ ያለ ቆጣሪ ማለት ነው።

ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ ስጋት እንዳይመስልሽ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1962 በእኛው ደቡብ ምዕራብ፣ በኦሞና በዴዴሳ ተፋሰስ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ እጅግ የከፋው ነው። ወደ 100 ሺህ ሰው እንደታመመና ወደ 30 ሺህ እንደሞተ ይገመታል። እኔ ሥራ ስጀምር በዚያ ዘመን የደረሱ ሽማግሌዎች በሕይወት ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ከመንደራቸው ዳር ያለውን ቁጥቋጦ የበቀለበት ቦታ እያሳዩኝ ቤት በቤት፣ ሰው በሰው ስም ጠርተው ቆጥረውልኛል። አስተባባሪሽ «የአገሩ ልጆች ለምደውታል» ያለውን ባነበብኩ ጊዜ የታወሱኝ እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ያለቁት እንግዶች አልነበሩም። የአገሩ ልጆች ነበሩ።

ወረርሽኙን ከደኑ ወደ ቤት ያስገባው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እንሰት ነው። ማለቴ እንሰቱ ራሱ ሳይሆን በቅጠሉ ብብት የሚጠራቀመው ውኃ። ቦንጋ ስትደርሺ አንድ የቤት ባለቤት አስፈቅጂና የእንሰቱን ቅጠል ከግንዱ በቀስታ ፈልቀቅ አድርገሽ እዪ። በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ቡናማ መልክ ያለው፣ ጥቂት የሾርባ ማንኪያ የሚሆን ውኃ ታገኛለሽ። እኛ ጫፉ ላይ የላስቲክ ኳስ በተገጠመ ቱቦ እንመጠው ነበር። ነጭ ሳህን ላይ ስናፈሰው በመጀመሪያ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ብቻ ይመስላል፤ ዝቃጩ ሲረጋ ግን ትሎቹ እየተጠማዘዙ ብቅ ይላሉ። ኤዲስ ሲምፕሶኒ የምትባለው ትንኝ ልጆች ናቸው። በጎደሬ ቅጠል ብብትም ትራባለች። ከደን የተመለሰ አንድ ሰው በደሙ ቫይረሱን ይዞ እንሰት መሐል ካለው ቤቱ ሲገባ፣ ከዚያ በኋላ ዝንጀሮ አያስፈልግም፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው በዚያች ትንኝ ይዞራል። ከዚያ ወዲህም በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ ዞን ላይ በሽታው ታይቷል፤ እነዚህም የአውሮፓውያን ዓመታት ናቸው። ወላይታና ጉራጌ የእንሰት አገር መሆናቸውን ልብ በይ።

አንድ ሌላ ነገር። በደቡብ አሜሪካ ቢጫ ወባ ደን ሲገባ የሚጮኹት ዝንጀሮዎች እየረገፉ ይሞታሉ፤ የወደቀ ዝንጀሮ ያየ የጤና ሠራተኛ ሰዉን ለመከተብ ይሮጣል። የእኛዎቹ ዝንጀሮዎች ግን ከቫይረሱ ጋር ብዙ ዘመን አብረው ስለኖሩ በአብዛኛው ታመው አይሞቱም። ስለዚህ ጉሬዛው በደህና ስለሚዘል ደኑ ደህና ነው ብለሽ አትገምቺ። ከእንስሳቱ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ የለንም።

ክትባቱን ውሰጂ። አንድ መርፌ ነው፤ ለዕድሜ ልክ ይበቃል። ግን ከመሄድሽ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድመሽ ተከተቢ፤ ሰውነትሽ መከላከያ የሚሠራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። መኪና ላይ ልትወጪ ስትይ ብትከተቢ ለመጀመሪያው ሳምንት ባዶ እጅሽን ነሽ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ፤ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ። በዚያ አገር የደን ሠራተኛን ከበሽታው እኩል የሚገድለው «ወባ ነው» የሚለው ቃል ነው። ትኩሳት ይዞት ከጫካ የወጣ ሰው ጤና ጣቢያ ይደርሳል፤ ጣቱን ይወጋል፤ ወባ ቢገኝበት ኪኒን፣ ባይገኝበትም ኪኒን ተሰጥቶት ይመለሳል። ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው የለም፤ እሱም አይናገርም። እኔ የማውቀው አንድ የደን ጥበቃ ሠራተኛ፣ ጠንካራና ሳቂታ ሰው፣ ወባ የለብህም ተብሎ ሳለ የወባ መድኃኒት ተሰጠው። ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ዳንኩ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቢጫ ወባ እንዲህ ያታልላል፤ ሦስት አራት ቀን ካነደደ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ፋታ ይሰጣል። አብዛኛው ሰው በዚያው ይድናል። ጥቂቱ ግን እንደገና ይጋላል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ያስመልሰዋል፤ ይደማል። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ አይተርፉም። ያ ሰው ሲመለስ ዓይኑ ቢጫ ነበር። ቀበርነው።

ስለዚህ የትም ብትታመሚ፣ ማንም ይመርምርሽ፣ የመጀመሪያው ቃልሽ «ከደን ነው የመጣሁት» ይሁን። ትንሽ ደብተር ያዢ፤ የት እንዳደርሽ፣ ምን እንደነከሰሽ፣ ምን የሞተ እንስሳ እንዳየሽ ከነቀኑ ጻፊበት። የወባ ምርመራው ነጻ ከሆነ «ታዲያ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ እስኪመለስልሽም አትውጪ። ወባ ቢገኝብሽም እንኳ በመድኃኒቱ ካልተሻለሽ ተመለሺ፤ አንድ ሰው ሁለት በሽታ መያዝ ይችላል።

ስለ ቀን ሠራተኞቹ ክትባት ደግሞ አስተባባሪሽን በሚገባው ቋንቋ አነጋግሪው። የቢጫ ወባ ክትባት የሚመጣው በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ሆኖ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለ10 ሰው። ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። አራት ባለሙያ ከትቦ ስድስቱን መድፋት ወይስ መንገድ ጠራጊዎቹንም ጠርቶ ብልቃጡን መጨረስ? ቆንጨራ ይዞ ፊት ፊት የሚሄደው እሱ ነው፤ ቅርንጫፉ የሚራገፈው በእሱ ራስ ላይ ነው፤ ማታ ወደ እንሰቱ ጓሮ የሚመለሰውም እሱ ነው። እሱን ሳይከትቡ ባለ ዲግሪዋን ብቻ መከተብ ለሰውም ለሕሊናም የማይገባ ነገር ነው፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ከአርባ ምንጭ

ጋሼ የጻፉትን ሁሉ እጋራለሁ። እኔ ከእንስሳቱ በኩል ጥቂት ልጨምር።

ወደ ጎጀብ ቆላ ስትወርዱ የቆላ ዝንብ ታገኛላችሁ። ከብት ላይ ገንዲ የምታመጣዋ ናት። ገንዲ የከብት በሽታ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ገንዲን ከሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋሲ ዘር አንዱ ዓይነት ሰውን በእንቅልፍ በሽታ ይይዛል፤ ማደሪያውም ከብትና ድኩላን የመሰሉ የዱር እንስሳት ናቸው። በአገራችን ለሠላሳ ዓመት ያህል ሰው ላይ ሳይመዘገብ ቆይቶ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እዚሁ ጋሞ ዞን ውስጥ እንደገና ተገኘ። ስለዚህ ታሪክ ነው ብለን አንዘጋውም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ማንም የማይነግርሽ ነገር አለ፤ የምትለብሺው ቀለም። እኛ ይህችን ዝንብ የምናጠምደው ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ በተሰፋ ወጥመድ ነው፤ ሁለቱን ቀለሞች ስታይ ትመጣለች። እንግዲህ ብዙ ድርጅት ለመስክ ሠራተኛው የሚያድለው ሰማያዊ ቱታ ነው! ቱታችሁ ሰማያዊ ከሆነ ቆላ ስትወርዱ አውልቃችሁ ካኪ ልበሱ። ጨርቁም ወፈር ያለ ይሁን፤ ስስ ሸሚዝ ላይ ሆና ትወጋለች። የምትነክሰው በቀን ነው፤ ስለዚህ አጎበር አያድንም። መኪና ሲንቀሳቀስ ተከትላ ትገባለች፤ መስኮት ዝጉ። የተነከሰበት ቦታ አብጦ ከቆሰለ፣ ከዚያም ትኩሳትና ራስ ምታት ከመጣ ጋሼ ያሉትን ቃል ተናገሪ። ጥገኛው ለወባ በተወሰደው የደም ስላይድ ላይ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ይችላል፤ የጣት ደም ጠብታ የሚነካው ፈጣን መመርመሪያ ግን ወባን እንጂ እሱን አያሳይም። ስላይድ እንዲታይልሽ ጠይቂ።

መዥገርን በተመለከተ፣ ክብሪት አትለኩሺበት፤ ናፍጣ፣ ቅቤ፣ አረቄ አትቀቢው። ሲጨነቅ በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ ከቆዳሽ አጠገብ ራሱን ይዘሽ ሳትጠመዝዢ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው፤ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ። በጣትሽ አታፍርጪው። ማታ ማታ ብብት፣ ጉልበት ሥር፣ ወገብ፣ ከጆሮ ኋላ ፈትሺ። ሱሪሽን ካልሲ ውስጥ መክተት ለዓይን አያምርም፤ ይሠራል ግን። በሳምንት ውስጥ ትኩሳት መጥቶ የተነከስሽበት ቦታ ጥቁር ቅርፊት ከያዘ የመዥገር ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ተሕዋሲው በአገራችን መዥገሮች ላይ ከተገኘ ቆይቷል። መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ርካሽና በየጤና ጣቢያው ያለ። ችግሩ ማንም አለማሰቡ ነው።

ውሻ። በየድንኳኑ ሰፈር የሚጠጋ ውሻ አይጠፋም፤ ልጆቹም ይወዱታል፣ ያበሉታል። የሚያስፈራኝ ከነብሩ ይልቅ እሱ ነው። ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች የተሻገረ ነው፤ ሰውም ላይ በብዛት የሚያደርሰው ውሻ ነው። ከነከሳችሁ፣ ከቧጨራችሁ ወይም ቁስላችሁን ከላሰ፣ በዚያው ቅጽበት በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት አይታችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከምትገምቱት ይረዝማል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ክትባት። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለዚህ በሽታ የሚሆን መድኃኒት በዓለም ላይ የለም፤ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ስለሚመጣ ደግሞ ሰዉ ነክሻውን ረስቶታል። ቀበሮ ወይም ሌላ የዱር እንስሳ በጠራራ ፀሐይ ሳይሸሽ ወደ እናንተ ቢመጣ አታድንቁት፤ ራቁት። የምታሳድሩት ውሻ ካለ ከመግባታችሁ በፊት አስከትቡት።

ሞቶ የተገኘ እንስሳ አትንኩ። «በክት አንበላም» የሚል ሁሉ ሥጋውን አይበላም፤ ቆዳውን ወይም ቀንዱን ግን ሲያነሣ አይቻለሁ። በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ በአውሮፓውያኑ ማለቴ ነው፣ አባ ሰንጋ ገብቶ የፈጀው የዱር እንስሳ ብዙ ነው፤ አምበራይሌ ዋናው ሰለባ ነበር። በአባ ሰንጋ የሞተ እንስሳ ቶሎ ይነፋል፤ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የሚወጣው ደም አይረጋም። እንዲህ ያለ ካያችሁ ቦታውን መዝግባችሁ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ እንጂ አትቅደዱት። ከተከፈተ ጀርሙ አፈሩ ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል።

ወደ አባትሽ ጭንቀት ልመለስ። የማርበርግ ቫይረስ ማደሪያው በዋሻ በብዛት የሚሰፍር ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። በኡጋንዳም በኮንጎም የታመሙት በዋናነት የሌሊት ወፍ የሞላበት የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዋሻ የጎበኙ ቱሪስቶችም አሉ። ከዛፍ በላይ የሚያልፍ የሌሊት ወፍ እንዲሁ አያሲዝሽም። ዋሻ አትግቢ፤ ዝናብ ቢይዛችሁም በዋሻ አትጠለሉ፤ የሌሊት ወፍ የገመጠው ፍሬ አታንሡ። እዚህ ላይ አባትሽ ትክክል ናቸው።

ለዋሻና ለገደል ሌላም ምክንያት አለ፤ ሽኮኮ። እዚሁ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለችው ኦቾሎ ሽኮኮው ከሰው ቤት ሥር ባለው የድንጋይ ስንጥቅ ይኖራል፤ የአሸዋ ዝንብም እዚያው ትራባለች። በፊት ላይ የሚወጣው ቁንጭር ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚመጣው በእሷ ነው። አያምም፣ አይገድልም፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ ጠባሳውም የዕድሜ ልክ ነው። የሽኮኮ ኩስ ያለበት ድንጋይ ሥር ድንኳን አትትከሉ።

መልስ፦ የጫካ ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህን ሁሉ ማስፈራራት ለምን? እኔ የማር ቆራጭ ልጅ ነኝ። አባቴም አያቴም ቀፎ ሊሰቅሉ ረጅም ዛፍ ላይ ሲወጡ ኖረዋል፤ ማሩንም በሌሊት ነው የሚቆርጡት። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ነበር መድኃኒታቸው። አንድም ቀን አልተከተቡም። ደኑን የሚያውቅ ሰው ደኑ አይጎዳውም። ከከተማ የሚመጡ ሰዎች ናቸው የሚታመሙት።

መልስ፦ የጅማው ጡረተኛ

ወንድሜ፣ አባትህንና አያትህን አከብራለሁ፤ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ደኑን ከማንም በላይ ይጠብቃል፤ ማሩ ያለ ዛፉ የለምና። ግን የምናያቸው የቆዩትን ነው። ያልቆዩትን ማን ይቁጠራቸው? በካፋ ደን ስንት ማር ቆራጭ «በወባ ሞተ» ተብሎ ተቀብሯል? በልጅነቱ ቀለል ያለ ቢጫ ወባ ይዞት የተረፈ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይያዝም፤ ይህ እውነት ነው፤ አባትህም ከእነሱ አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ወረርሽኝ ግን የሚነሣው ብዙ ዓመት ሳይመጣ ቆይቶ ያልተያዘ ትውልድ ካደገ በኋላ ነው። በ1960ዎቹ የሆነው ይኸው ነው። አንተ ራስህ ዛሬ ያልተያዝክና ያልተከተብክ ልትሆን ትችላለህ፤ ልጆችህም። ፌጦው ይቀጥል፤ ምንም አልልም። መርፌውንም ጨምርበት። ማር በሌሊት የምትቆርጥ ከሆነ ደግሞ አስተውል፤ ኤዲስ አፍሪካነስ የምትባለው የደን ትንኝ በዛፉ አናት ላይ በብዛት የምትነክሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ጉሬዛው የሚያድረውም እዚያው ነው። አንተ የምትወጣው እነሱ ወዳሉበት ፎቅ ነው።

መልስ፦ ከመተማ

ደን ሲባል ሁሉም ሰው ካፋን ያስባል። እኛ በመተማና በቋራ በኩል የእጣን ዛፍ በሚንጋፍ እየላጥን ሙጫ የምንለቅም ሰዎችም የደን ሠራተኞች ነን። የእኛ ጠላት ካላዛር ነው። በእኛ አገር በዋናነት የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው በአሸዋ ዝንብ ስለሆነ ከእንስሳት የሚመጣ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ዝንቧን የምናገኛት ግን ሥራው በሚወስደን ቦታ ነው። ዋልካ መሬት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ ትኖራለች፤ ማታ ግራር ሥር ትወጣለች። ሠራተኛው ደግሞ ሙቀቱን ሽሽት ያለ አጎበር የሚተኛው እዚያው ግራር ሥር ነው።

እኔ የሠራተኞች ኃላፊ ሆኜ ስለምሠራ አይቼዋለሁ። ከደጋ የመጣ ወጣት ለሁለት ሳምንት ትኩሳት ይዞት «ወባ ነው» ተብሎ ኪኒን ይውጣል፤ ይከሳል፤ ሆዱ ያብጣል፤ ጣፊያው በእጅ ይዳሰሳል። ደመወዙ እንዳይቆረጥበት አይናገርም። እዚህ የምታነቡ አሠሪዎች ካላችሁ፣ የታመመ ሰው ቀን አይቆረጥበት። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ ከታከመ ይድናል፤ የ17 ቀን መርፌ ነው። ምርመራው በጣት ደም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተለየ ማዕከል አለው። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ለእያንዳንዱ ሰው ስንሰጥ፣ ማደሪያውንም ከግራሩ ሥር ወደ ገላጣው ስናወጣ የሚታመመው ሰው ቀንሷል። እህታችን፣ ጋሼ ያሉት ስለ ደብተሩ እጅግ ጥሩ ነው፤ ካላዛር ከወራት በኋላ ስለሚወጣ ልጁ ደብረ ታቦር ወይም ጎጃም እናቱ ቤት ሆኖ ነው የሚታመመው። እዚያ ያለው ሐኪም መተማ እንደነበረ በምን ያውቃል?

ጠያቂ፦ የወንዶ ገነት ምሩቅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የብልቃጡን ነገር ለአስተባባሪያችን ነገርኩት። በመጀመሪያ ዝም አለ፤ ማታ ደውሎ «የቀን ሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ከመሪው ተቀበዪ» አለኝ። ቱታችንም ሰማያዊ ነበር! ካኪ እንዲለወጥ ጽፌአለሁ።

ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። መሪ ሆነው የሚቀጠሩት አባት ከ60 ዓመት በላይ ናቸው፤ ከመንገድ ጠራጊዎቹ አንዷ ደግሞ የምታጠባ እናት ናት። ሁለቱም ይከተቡ? ሌላው፣ ከመንገድ የአንድ ቀን ጉዞ ርቀን ሳለን ከመሐላችን አንዱ በትኩሳት ቢወድቅ እዚያው ምን እናድርግ?

መልስ፦ የጅማው ጡረተኛ

ጎሽ የእኔ ልጅ! ካርዳቸውንም በእጃቸው እንዲይዙ አድርጊ፤ ክትባቱ የእነሱ ነው፤ የፕሮጀክቱ አይደለም።

ክትባቱ ሕያው ቫይረስ በተዳከመ መልኩ የያዘ ነው። ስለዚህ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች፣ የሚያጠቡና ነፍሰ ጡር እናቶች፣ የሰውነት መከላከያቸው የደከመ፣ እንቁላል ክፉኛ የሚያስቆጣቸው ሁሉ ከመወጋታቸው በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር አለባቸው። መከላከያው ክፉኛ የደከመና እንቁላል ክፉኛ የሚያስቆጣው ሰው አይወጋም። ለአረጋውያንና ለእናቶች ግን ይህ ማለት አይከተቡ ማለት አይደለም፤ ጥቅሙና ጉዳቱ በየሰዉ ይመዘናል። መሪው አባት ደን ውስጥ የሚውሉ ስለሆነ ሐኪሙ ሊፈቅድላቸው ይችላል። እናቲቱን ግን፣ ካልተከተበች፣ ደሞዟን ሳትቀንሱ ቦንጋ ላይ ናሙና የመመዝገቡን ሥራ ስጧት።

ጫካ ውስጥ ትኩሳት ቢመጣ፣ አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ የሚያደማ በሽታ ከሆነ ያባብሰዋል። ፓራሲታሞል ብቻ፣ በመጠኑ። ውኃና የስኳርና የጨው ውሕድ ዱቄት ይጠጣ። በቀንም ቢሆን አጎበር ውስጥ አስተኙት፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቢጫ ወባ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ሞልቶ ነው ያለው፤ የምትነክሰው ትንኝ ሁሉ ወደ እናንተ ታዞረዋለች። ቢያስመልሰው ወይም ቢደማ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ጓንት በሻንጣችሁ ይኑር፣ ባይኖር የላስቲክ ከረጢት በእጃችሁ አጥልቁ። ከዚያ እስኪሻለው አትጠብቁ። ትኩሳቱ በጀመረ በማግስቱ ጠዋት ወደ መንገድ አውርዱት፤ ፋታው መጥቶ «ደህና ነኝ» ቢላችሁም አትመልሱት። ቀድሞ የሚሮጥ ሰው ልካችሁ መኪናው መንገድ ዳር እንዲጠብቅ አድርጉ። ደብተሩን በሽተኛው ኪስ ውስጥ ሳይሆን አብሮት በሚሄደው ሰው እጅ አስይዙት፤ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ በሽተኛው መናገር ሊያቅተው ይችላልና የሚናገርለት እሱ ነው። አብሮት የሚሄደው ሹፌሩ ከሆነ ደግሞ ደብተሩ ላይ ያለውን ከአሁኑ አስነብቢው።